በፈተናው መሀል የደወለው እድር

«አባዬ፣ እንዳታነሳው! ፈተናው ይዘጋብኛል!»

ልጄ በእኔ ስልክ፣ ትምህርት ቤቷ ኮሮና ከገባ ወዲህ በሚያስተምርበት የኢንተርኔት ሲስተም ገብታ እየተፈተነች ነበር።

የደወሉት የእድራችን ዳኛ ናቸው። ድሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋ ነበር፤ ዘንድሮ እኛ ካዛንቺስ ሞት የሚነገረን በስልክ ነው።

ስልኳ ጮኻ ጮኻ ዝም አለች።

ይቺ አንዲት ስልክ ትምህርት ቤትም፣ ቅዳሴም፣ እድርም ሆናለች፤ ባትሪዋ ግን ያው የድሮው ነው።

እውነቱን ልናገር፣ «እንዳታነሳው» ስትለኝ ደስ አለኝ። ለፈተናዋ መስሎኝ ነበር። ለካ እናቷን ከቀበርን ወዲህ ይህን ቁጥር እፈራለሁ።

ፈተናው ካለቀ ቆየ፤ መልሼ አልደወልኩም። «አቤቱ፣ የእኛ ግቢ ሰው አይሁን» ብዬ ጸለይኩ። ታዲያ የማን ግቢ ይሁን?

እናንተስ፣ ፈርታችሁ ያላነሳችሁት ስልክ አለ? ጻፉልኝና እኔም ለእድሩ ዳኛ መልሼ ልደውል።