የመስከረም ውሃ

ሸዋሮቢት አጠገብ ያለችውን የሽንኩርት ማሳችንን የምናጠጣው አባቴ በእጁ ከቆፈረው ጉድጓድ ነበር። ጥልቀቱ ዐሥራ አንድ ሜትር ከሃያ ነው። አዋሳኛችን የሆነ የከተማ ነጋዴ በማሽን አርባ ሜትር አስቆፍሮ ትልቅ ሞተር ተከለ፤ በወሩ ጉድጓዳችን ደረቀ። ሽንኩርቱ ሊነቀል ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

አባቴ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ሊለምነው ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ልጁ የሚሆነውን ሰው አንቱ እያለ፣ «ለሁለት ቀን ብቻ፣ ከእርስዎ የተረፈውን ይልቀቁልን» አለው።

ነጋዴው ሠራተኞቹን ጠቀስ አድርጎ፣ «አባባ፣ እርስዎ ዱዓ ያድርጉ እንጂ! ዝናብ ይመጣል» አለ።

ሠራተኞቹ ሳቁ። አባቴ «አሚን» ብሎ ተመለሰ። ያን «አሚን» እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም።

ሽንኩርቱ ማሳው ላይ በፀሐይ ነደደ።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። የጉድጓድን ነገር የተማርኩት ጫፉ ላይ ድንጋይ በታሰረ ገመድ ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየሳምንቱ፣ ከጁምዓ መልስ፣ የአካባቢውን ጉድጓዶች እየዞርኩ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ እለካ ነበር። ከወንዙ ማዶ አንድ አሮጌ ጉድጓድ አለ። በመስከረም ውሃው ቅርብ ነው፤ በግንቦት ድንጋዬ የሚመታው ደረቅ ጭቃ ነው።

ነጋዴው ሁለተኛ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የተከራየው ያ አሮጌ ጉድጓድ ያለበትን መሬት ነበር። በመስከረም አስጠራኝ።

«እስኪ ለካልኝ፤ አንተ አትሳሳትም ይሉኛል።»

ገመዴን ለቀቅኩ። «ስድስት ሜትር ከአርባ፣ ጋሼ።»

«በቃ! በሁለት ምርት ወጪዬን መለስኩ።»

«ኢንሻአላህ» አልኩ። ስለ ግንቦት አልጠየቀኝም።

ውሃው ቅርብ ነው ብሎ ከአሮጌው ጉድጓድ ብዙም ሳያልፍ አስቆፈረ። ለሙከራ ሞተሩን ቀኑን ሙሉ አስነሱት፤ ውሃው አልነጠፈም። የቆፋሪዎቹን ቀሪ ሒሳብ ከምርቱ ሊከፍል ተዋዋለ። ግንቦት ሲገባ ሞተሩ ሩብ ሰዓት ሠርቶ አየር መሳብ ጀመረ። እዚያ ያስተከለው ቲማቲም ሲጠወልግ በየቀኑ እየሄድኩ አየሁት።

በመጨረሻ ነጋዴው ቤታችን ድረስ መጣ።

«ታውቅ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር።»

«አንተ አረመኔ! አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት?»

«እርስዎስ ሁለት ቀን ውሃ ቢለቁልን ምን ነበረበት፣ ጋሼ?»

አባቴ ከውስጥ «ተው» አለኝ።

ነጋዴው ለቆፋሪዎቹ ለመክፈል ከማሳችን አጠገብ ያለውን፣ ጉድጓዳችንን ያደረቀውን ሞተር ሸጠው። አይሱዙ ላይ ሲጭኑት ከበዳቸውና ሰው ፈለጉ። ሄጄ ትከሻዬን ሰጠሁ። ነጋዴው ቆሞ ያየኛል።

«በርታ!» አለኝ ሹፌሩ።

በረታሁ።