ከመኪናው ሥር የሚመጣው ድምፅ

የባሌ አርባ በወጣ ማግስት ታላቅ ወንድሙ አቃቂ ድረስ መጡና ግቢያችን የቆመችውን አሮጌ ፊያት ዞር ዞር ብለው አዩ።

«እንሽጣት እንጂ። ማን ይይዛታል?»

«እኔ እይዛታለሁ፣ ጋሼ።»

«መንዳቱንስ ንጂ። ዘይቷንና ፊልትሮዋን ማን ይቀይርልሻል?»

«እኔው!» አልኩ። በንዴት ነው እንጂ ፊልትሮ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

«እንግዲያው እሁድ እመጣለሁ። ቀይረሽ አስነስተሽ ታሳዪኛለሽ፤ ካልሆነ ገዢ እፈልጋለሁ» ብለው ሄዱ።

ባሌ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። መኪናዋን ለጋራዥ ሰጥቶ አያውቅም። እሱ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ይገባል፣ እኔ መሪው ጋ ቁልፉን ይዤ እቀመጣለሁ። በተከፈተው በር የሚታየኝ ሁለት እግሩ ብቻ ነው። አፉ ግን አያርፍም። «አሁን ዘይቱን አፈሰስኩ፤ አሁን ፊልትሮውን ፈታሁ፤ አዲሱ በኪያቬ አይደለም፣ በእጅ ነው የሚታሰረው፣ ትሰሚያለሽ?» «ሰማሁ፣ ወሬኛ!» እለዋለሁ። መጨረሻ ላይ «አስነሺ!» ይላል፤ ዘይት አለማንጠባጠቡን አይቶ ደግሞ «አጥፊ!» ይላል። የእኔ ሥራ ያቺው ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት የእሱን ሱሪ ለብሼ፣ ጎማዎቹን ድንጋይ አስደግፌ ከሥር ገባሁ። ዘይቱ በቀላሉ ወረደ። ፊልትሮው ግን ወይ ፍንክች! በጨርቅ ያዝኩት፣ አንሸራተተኝ። ቀበቶዬን አውልቄ ጠቀለልኩበትና ጎተትኩ፣ እምቢ አለ። በዚህ መሀል ከግቢያችን ጀርባ ባቡሩ አለፈ፤ መሬቱ ጀርባዬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ አቧራው ዓይኔ ገባ። ያኔ ንዴቴ መጣ።

«ኧረ ምን ነካህ! እንዲህ አጥብቀህ የት ልትሄድ ነበር?» ብዬ ባሌ ላይ ጮህኩ። አለቀስኩም።

ካቻቢቴውን በመዶሻ መትቼ ፊልትሮውን በሳሁትና እንደ እጀታ ይዤ ጠመዘዝኩት። ተፈታ። ጥቁሩ ዘይት በክንዴ ወርዶ ብብቴ ገባ። የመጨረሻው የእጁ ሥራ ነበር፤ በስቼ ጣልኩት። ከፋኝ።

አዲሱን እንደነገረኝ አሰርኩ። የጎማ ቀለበቱን በጣቴ ዘይት ቀባሁ፣ በእጄ አጠበቅኩ፣ አዲስ ዘይት ሞላሁ። ማስነሳቱ ላይ ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ጎረቤት መጥራት እችል ነበር፤ እኔ እቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ማየት ግን አልፈለግኩም። ቁልፉን አዞርኩ፣ ሞተሩ ተነሳ፤ ዘልዬ ወርጄ ካርቶኑ ላይ ተንጋለልኩ። ፊልትሮውን ዙሪያውን በጣቴ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለም። እሰይ! መኪናዬ አትሸጥም!

በደስታ ሳላስበው፣ ልክ እንደ እሱ፣ «አጥፊ!» ብዬ ተጣራሁ።

ሞተሩ እንደበራ ነው። በተከፈተው በር ቀና ብዬ አየሁ። ወንበሩ ላይ ማንም የለም። ትንሽ እዚያው ተኝቼ ቆየሁና ወጥቼ ራሴ አጠፋሁት።