ከበሩ በላይ የነበረው ምንጣፍ

ጎረቤቴ ምንጣፌን አልሰረቀም። ሰረቀኝ ብዬም አላውቅም። በቴሌቪዥን እንዳልኩ ተደርጎ የታየው ውሸት ነው፤ ይህን በደል ሳልሞት በጽሑፍ ማስፈር እፈልጋለሁ። ሰውየውን የምወደው እንዳይመስላችሁ። ዓይኑን ማየት አልፈልግም። ግን ባልሠራው ሲከሰስ ዝም ብል፣ በሠራው ስከሰው ማን ይሰማኛል?

የሠራው ይኸውላችሁ። ከከተማው ግንብ፣ ከኤረር በር ገባ ብሎ፣ ግንብ ለግንብ ተጣብቀን ነው የምንኖረው። በጫት ንግድ ከብሮ ከከተማው ግንብ ውጭ ሆቴል ካቆመ በኋላ፣ የአባቱን ቤት ፎቅ አደረገው። ያኔ ደጄ ላይ ቆሞ፣ «ለብርሃን የምትሆን ትንሽ ቀዳዳ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ልክፈት?» ብሎ ለመነኝ። እሺ አልኩት። እኔና እሱ ብቻ ነበርን። የከፈተው ግን ሰው ተደግፎ የሚያይበት ሰፊ መስኮት ነው፤ ልክ ከግቢዬ አናት ላይ። እንግዶቹ ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው እዚያ ይሰየማሉ። በገዛ ግቢዬ ለሶላት ውዱእ ለማድረግ እጅጌዬን መሰብሰብ ተሳነኝ።

ስለዚህ አንድ ፊልም ሠሪ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ የሀብታሙን እውነት ላወጣ ነው ሲለኝ ደስ አለኝ። ቀይ በተቀባው መደብ ላይ አስቀመጠኝና ካሜራውን ደቀነብኝ። ስለ መስኮቱ ነገርኩት፤ ክንዱን ይዤ አውጥቼም አሳየሁት። «እሺ እማማ፣ እሺ» ይላል፤ ዓይኑ ግን ቤቴን ይዞራል። ከዚያ ከበሩ በላይ ያለውን ባዶ እንጨት አየ።

«እዚያ ላይ ምን ነበር?»

«ምንጣፍ ነበር። አሁን የለም፣ ሄደ። ልጅቷን ዳርናት።»

እዚህ ያደገ ሰው ይህን አይጠይቅም። ለትዳር የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከበሩ በላይ ባለው እንጨት ላይ ይቀመጣል፤ ስትዳር ይዛው ትሄዳለች። ባዶ እንጨት ማለት ደስታ ማለት ነው። የልጅ ልጄን ከረመዳን በኋላ፣ በሸዋል ወር ነበር የዳርናት።

ፊልሙን ያየሁት እሷው ቤት ነው። የሚያላዝን ዋሽንት አስገብተውበታል። ባዶው እንጨት ታየ፤ የኔ ድምፅ ተከተለ፦ «ምንጣፍ ነበር። አሁን የለም፣ ሄደ።» እዚያ ላይ ቆረጡት። ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ቀጠለና፣ «ባለሀብቱ የእኚህን እናት ምንጣፍ እንኳ አልማረም» አለ።

ምንጣፉ እግራችን ሥር ተነጥፏል። የልጅ ልጄ ባል ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «ሌባው እኔ ነኝ ለካ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። መስኮቱ አንዴ እንኳ ብልጭ ሳይል ፊልሙ አለቀ።

ሰፈሩ ግን ጮቤ ረገጠ። አንዷ ጎረቤቴ በጠባቡ መንገድ ላይ አቅፋ አስቆመችኝ።

«እሰይ! ልክ አስገባሽልን!»

«አልሰረቀኝም እኮ!»

«ስንቱን ሰርቆ የለ? ይህቺ ብትጨመርበት ምን አለ?»

«የሰረቀውን ንገሪኝና በእሱ አብረን እንክሰሰው።»

አንድም አልነገረችኝ። ተኮራርፈን ተለያየን።

ለፊልም ሠሪው ደወልኩና የተናገርኩትን ሙሉውን አውጣው አልኩት። «የቀረውን አጥፍተነዋል» አለኝ። «ደግሞ እማማ፣ ሰውየው ክፉ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። መስኮት ተመልካች አያስለቅስም።» እኔ ነኝ የዘጋሁበት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሀብታም የተሠራ ፊልም ሲመጣ፣ የሚያወድስም ይሁን የሚረግም፣ ዋሽንቱ እንደጀመረ ድምፁን አጠፋለሁ። ያለ ድምፅ ምን ይቀራል ብዬ አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው ባዶ እንጨት ነው።

ስለ መስኮቱ እንዲዳኙን ለምኜ ለምኜ በመጨረሻ ሽማግሌዎች ቤቴ ተሰበሰቡ። ጎረቤቴም ሽቶውን ነስንሶ መጣ። እኔ ትንሽ ቀዳዳ ነው የፈቀድኩለት አልኩ። እሱ፣ ቅንጣት ሳያፍር፣ «መስኮቱን ራሳቸው ናቸው የፈቀዱልኝ» አለ። ምስክር የለ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ያንን ፊልም ከፈተላቸው። ድምፄ በገዛ ቤቴ ውስጥ እንደገና ተናገረ።

ትልቁ ሽማግሌ ወደኔ ዞሩ። «ድምፁ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው፤ ግን ወላሂ ቆርጠውታል!»

«የተቆረጠውን ማን ያሳየናል?»

ማንም የለም። ጎረቤቴ ጢሙን እያሻሸ ፈገግ አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ሲንሾካሾኩ ቆዩና፣ ትልቁ ሽማግሌ መልሱን ሰጡኝ።

«እህታችን፣ ነገሩ ቃል ለቃል ነው። የእሱ ቃል እንደማይታመን ድሮም እናውቃለን። ያንቺ ቃል ግን ምንጣፌን ወሰደ ይላል፤ ያ ምንጣፍ ከሙሽራዋ ጋር ከዚህ ቤት ሲወጣ ደግሞ መርቀን የሸኘነው እኛው ነን። ሁለቱም ቃል ከወደቀ፣ መስኮቱ ባለበት ይቆይ።»