ተቆርጦ የደረሰን ምስክርነት

ባለቤቴ ወልደየስ እዚህ ዐረብ አገር፣ ሱለይማኒያ በሚባል ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነበር። እኔ ራውዳ ሰው ቤት እሠራለሁ። የምንገናኘው ዓርብ ዓርብ፣ እሱ ከኸይረዲን ጋር ዲራ ሰፈር በተከራያት ክፍል ነው። ኸይረዲን ልብስ ሰፊ ነው፤ ሙስሊም፣ እንደ ወልደየስ የወሎ ልጅ። እሱ ሲሰግድ ወልደየስ ቴሌቪዥኑን ይዘጋለታል። እኛ ስንጸልይ ደግሞ ኸይረዲን ኳስ ከፍቶ ድምፁን ይጨምርልናል፤ ጎረቤት እንዳይሰማን።

ጸሎቱን የሚመራው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ተሰማ ነበር። መጽሐፍ ይዞ መዞር ስለምንፈራ ትምህርቱ በስልክ፣ በድምፅ ነው የሚደርሰን። አዲስ አበባ ያለ መምህር ረጅሙን ይልካል፣ ተሰማ ቆርጦ አሳጥሮ ያዳርሳል፣ እኛም ሰምተን እናጠፋዋለን።

አንዱ ትምህርት ዮሴፎስ ስለሚባል የጥንት አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ነበር። ክርስቲያን ያልሆነው ይህ ሰው ስለ ኢየሱስ «መሲሕ ነበር» ብሎ ጽፏል ይላል። ወልደየስ እንደዚያን ቀን ተደስቶ አላየሁትም።

«የኛ ሰው ሲመሰክር ‹ዘመድ ነው› ትለኛለህ። ይሄ ግን ባዕድ ነው» አለው ኸይረዲንን።

«እንዲህ ካመነ ለምን ክርስቲያን አልሆነም?»

«ሄደህ ጠይቀዋ!»

«ከፊሌ፣ ያ አሠሪዬ፣ የመውጫ ቪዛ ይስጠኝና» ብሎ ሳቀ ኸይረዲን።

ወልደየስ አልሳቀም። «እውነት ነው። በአባቴ አፅም!» አለ። በአባቱ አፅም ሲምል ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

ኸይረዲን ዐረብኛ ያነባል። ሰንብቶ ስልኩን ይዞ መጣ። «ወንድሜ፣ ላሸንፍህ ብዬ አይደለም» አለና አነበበለት። ሊቃውንት በዚያ ቃል ላይ አልተስማሙም። ጥቂቶች እንዳለ እውነት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ሙሉው በኋላ የገባ ነው ይላሉ። ብዙዎቹ ግን ጸሐፊው ኢየሱስን በርግጥ ጠቅሶት ነበር፣ «መሲሕ ነበር» የምትለዋን ግን ክርስቲያን ገልባጮች ጨመሯት ይላሉ።

ወልደየስ ዓርብ ሌሎቹ ጸሎተኞች ሳይመጡ ተሰማን ያዘው።

«ይሄን ታውቅ ነበር?»

«መምህሩም መጨረሻ ላይ ብሎታል። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ሰዉ ደክሞ ነው የሚመጣው። ሹፌርና ሠራተኛ የሊቃውንት ክርክር ምን ያደርግለታል?»

«እኔ በአባቴ አፅም ምያለሁ ተሰማ።»

«ኸላስ፣ ተወው በቃ።»

«አልተወውም። ራስህ ንገራቸው። ሰውየው ስሙን መጥቀሱ ይበቃናል፤ ያመንነው በእሱ ቃል አይደለም።»

«በሚቀጥለው ዓርብ፣ ኢንሻአላህ።»

በሚቀጥለው ዓርብ አልተናገረም። ከዚያም በኋላ አልተናገረም። ወልደየስ በሩ አጠገብ ተቀምጦ አፍ አፉን ያየዋል። እየቆየ አብሮን መዘመሩንም ተወ። «አንተ ለምን አትነግራቸውም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «የቆረጠው ይቀጥለው» አለኝ። ለኸይረዲን ግን ምዬ ዋሸሁህ ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። ኸይረዲን፣ «አንተ አልዋሸህም፣ ዋሹብህ እንጂ» አለው።

ወልደየስ በኮሮናው ዓመት ታመመ፣ ሞተም። እዚሁ ተቀበረ፤ ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። ሰው መሰብሰብ ሲፈቀድ ክፍሏ ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥን። ለሐዘኑ ብሎ ኸይረዲን ቴሌቪዥኑን አልከፈተም። ተሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ የወልደየስን እምነት አመሰገነ።

«አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ እንኳ ‹መሲሕ ነበር› ብሎ መስክሯል ሲል ፊቱ ይበራ ነበር» አለ።

ሰዎቹ አለቀሱ። እኔ እንባዬ ደረቀ።

«ቀሪውንም ንገራቸው» አልኩት።

«እህቴ፣ ዛሬ ቀኑ አይደለም።»

«ወልደየስ የጠበቀህ ይሄን ቀን ነው።»

 ኸይረዲን ቴሌቪዥኑን ልክፈት ይሆን ብሎ አየኝ። ተወው አልኩት በእጄ። ከዚያ የተቆረጠውን እኔ ነገርኳቸው፤ ጸሐፊው የጻፈውን፣ ተጨመረ የሚባለውን፣ ወልደየስ እያወቀም እስኪሞት ማመኑን። ተሰማ ጫማውን ፈልጎ ወጣ። ሌሎቹ ተቀምጠው ሰሙኝ።