ስትስል ዋለች

ጋሽ ይበልጣልን እዚህ ላይ አንተ ነው የምለው፤ አንቱታ አይገባውም። ፊት ለፊት ግን “ጋሽ” እለዋለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ጎረቤት ነው።

ከጎጃም መጥቶ መቀሌ ሀያ ዓመት ኖሯል። ሀያ ዓመት ሙሉ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀምጦ ፋይል ሲያወጣ፣ ፋይል ሲመልስ። ሓድነት የሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ከእኛ አጥር ቀጥሎ ባለች አንዲት ክፍል ብቻውን ይኖራል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ዋና ሥራው የሰው አማርኛ ማረም ነው። እኔ አፌን የፈታሁት በትግርኛ ነው፤ “ሐ” እና “ዐ” ከጉሮሮዬ ነው የሚወጡት። “ሳምራዊት፣ ጉሮሮሽን አትፋቂው! አማርኛ ለስለስ ተደርጎ ነው የሚነገረው” ይለኛል፣ ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ ሳይቀር። ኤዲያ! እንዲተወኝ ብዬ ከእሱ ጋር ሳወራ “ዐ”ን መዋጥ ለመድኩ።

ኮሮና ሲመጣ አገር ደነገጠ፤ ለእሱ ግን ሰርግና ምላሽ ሆነለት። መሥሪያ ቤቱ ቤትህ ዋል አለው፣ የሰፈራችን ኮሚቴ ደግሞ ቢጫ ሰደርያና የድምፅ ማጉያ ሰጠው። ከዚያ ወዲያማ ያዙኝ ልቀቁኝ ሆነ። ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ ዳቦ ሰልፍ ላይ እናቶችን “ራቅ በሉ!” እያለ ሲያመናጭቅ ይውላል። መሀል ከተማ ሮማናት አደባባይ ድረስ በእግሩ ሄዶ ካፌዎቹ መዘጋታቸውን አይቶ ይመለሳል። ማን ላከው?

እኔና ጓደኛዬ ትህትና ያኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። እሷ ቃላሚኖ ትምህርት ቤት አዳሪ ነበረች፤ ትምህርት ሲዘጋ እዚሁ እኛ ሰፈር አባቷ ጋ መጣች። አባቷ ጋሽ ሚልኪያስ ከሸዋ የመጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፤ ስትሮክ መቷቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመት አልፏቸው ነበር። ትንከባከባቸው የነበረችው ሠራተኛ ኮሮናን ፈርታ አገሯ ስለገባች፣ የምታጎርሳቸው፣ የምታገላብጣቸው፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምትሰጣቸው ትህትና ብቻ ነበረች። እሳቸው ሲያሸልቡ በእርሳስ ፊታቸውን ትስላለች። ደብተሯ ሁሉ እሳቸው ናቸው። እኔም በጓሮ አጥር እየሾለኩ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ቀኑን እዚያው እውላለሁ።

አንድ ቀን ይበልጣል በራችን ላይ አስቆመኝ። “ያቺ ጓደኛሽ ምነው ድምጿ ጠፋ?”

“ስትስል ነው የምትውለው” አልኩት፣ እሱ እንደሚወደው ለስለስ አድርጌ።

“ስትስል? ከመቼ ጀምሮ?”

“ኧረ ከመጣች ጀምሮ! ሰሞኑንማ ብሶባታል።”

በትግርኛ ብነግረው ኖሮ አይምታታም ነበር፤ ሳሉ በ“ዐ” ከጉሮሮ ይወጣል፣ ሥዕሉ ግን፣ በአማርኛ በ“ዐ” ቢጻፍም፣ በለስላሳው “አ”። በአማርኛ ግን ሁለቱም ያው “ትስላለች” ነው። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያርም የኖረ ሰውዬ “ምኑን ነው የምትስለው?” ብሎ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? አልጠየቀም። ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ፣ ማስኩን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫው ላይ አወጣና እብስ አለ። እኔም ምን ነካው ብዬ ገባሁ።

በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እነትህትና በር ላይ መኪና ቆመ። ነጭ በነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ወረዱ። ይበልጣል በድምፅ ማጉያው “ስትስል ውላ ስትስል ታመሻለች! ታማኝ ምንጭ አለኝ!” ይላል። ያኔ ነው የገባኝ። ትህትና “ኧረ እኔ ጉንፋን እንኳ የለብኝም! አባቴን ማን ያጎርሰዋል?” እያለች ትጮኻለች።

“ጎረቤት ምግብ በር ላይ ያስቀምጥላቸዋል” አላት ይበልጣል።

በር ላይ! መነሳት ለማይችል ሰው! እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው እንግዲህ ሰፈር እንዲጠብቅ የተሾመው።

እኔ ከበራችን ጀርባ ቆሜ ነበር፣ እጄ መቀርቀሪያው ላይ። ወጥቼ “ሥዕል ነው ያልኩት” ብል ነገሩ ያልቃል። ግን ደብተሯን የት አየሽው ይሉኛል፣ ቤቷ ትገቢ ነበር ይሉኛል፣ እኔንም ጭነውኝ ይሄዳሉ። ፈራሁ። መኪናው ትህትናን ጭኖ ወደ ለይቶ ማቆያ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሚልኪያስ ቤት የገባ ሰው ቢኖር ባለሱቁ ሀሰን ብቻ ነው፤ የወሎ ሰው። ፊቱን በሻሽ ጠቅልሎ፣ ሱቁን በቀን ሁለቴ እየዘጋ ሊያጎርሳቸው ይሞክር ነበር። እሳቸው ግን “ልጄ የት ሄደች?” ከማለት በቀር አፋቸውን አልከፍት አሉ። መድኃኒቱንም ተፉት። በዘጠነኛው ቀን ሞቱ። ይበልጣል ቀብራቸው ላይ ሰደርያውን ለብሶ መጣ፤ ለቀስተኛው ምን ያህል እንደተራራቀ በእርምጃው ሲለካ ዋለ። አያፍርም እኮ!

ትህትና በአስራ አምስተኛው ቀን ከበሽታው ነጻ ነሽ የሚል ወረቀት ይዛ ተመለሰች። የአባቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ቀና ብላ አየችኝ።

“ትስላለች ብሎ የነገረባት ማነው?” አለችኝ፣ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል።

“ይበልጣል ነዋ! ከራሱ ፈጥሮ ነው፤ እሱን አታውቂውም?”

“ያን ቀን ስጮኽ አልሰማሽኝም?”

“ተኝቼ ነበር” አልኳት።

አመነችኝ። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እንደገና ታለቅስ ጀመር።