ላጲሱ የነካው ገጽ

ሞሪያ ሥራ ከመጀመሯ በፊት እጆቿን ሁለት ጊዜ ትታጠባለች። ቀለበቷን አውልቃ ስኒ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ እጆቿን በፎጣ ካደረቀች በኋላ ደግሞ ትንሽ አየር ላይ ትይዛቸዋለች። ጓንት አታደርግም። «በጓንት ወረቀቱ አይሰማኝም፣ እማማ» ትለኛለች። ከዚያ አንድ ጣቷን ከአሮጌው መጽሔት ጀርባ ሥር ሰድዳ ቀስ ብላ ትከፍተዋለች። ሙሉ በሙሉ አትዘረጋውም፤ እንግዳን ሳይታዩ ለማየት በር እንደሚገረበብ ብቻ። ሉሆቹን የያዙትን ሽቦዎች ትቆጥራለች፤ ዝገው እንደሆነ ትመለከታለች። ማዕዘኑን ታያለች። አፍንጫዋን አስጠግታ ታሸታለች። በመጨረሻ በማስታወሻዋ ላይ «አራት ተኩል» ብላ ትጽፋለች።

እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ አያታለሁ። ሞሪያ የልጄ ልጅ ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቫቭ በሚባለው ሰፈር አብራኝ ትኖራለች። ቀን ቀን መሃል ከተማው ሃኪርያ ባለ የጥርስ ሕክምና ቤት የሐኪሙ ረዳት ናት። ከዚያ ስትመለስ የድሮ ኮሚክስ፣ ማለትም ታሪክ በሥዕል የሚነገርባቸውን መጽሔቶች ትሰበስባለች። ሰዎችም የራሳቸውን ያመጡላታል፤ ከአንድ እስከ አሥር ደረጃ ትሰጣለች፣ ዋጋም ትገምታለች። አንዳንዴ ከመታተሙ በፊት ሠዓሊው በእጁ የሣለበትን ዋናውን ወረቀት ያሳዩዋታል። ያን ጊዜ ድምፅዋ ራሱ ዝቅ ይላል።

ይህን ፍቅር ያመጣባት ባለቤቴ ባሕሩ ነው። ባሕሩ የሮቫ ቫቭን መንገድ ይጠርግ ነበር። እዚህ አገር ሰው መጽሐፍ ቆሻሻ ውስጥ አይጥልም፤ ሌላ ሰው እንዲወስደው ከቆሻሻው አጠገብ ግንብ ላይ ይተወዋል። ባሕሩም ሥዕል ያለበትን እየመረጠ በኪሱ ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ እኔም እሱም ፊደል አልቆጠርንም ነበር። ሞሪያን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሥዕሉ ብቻ ይተርክላታል። ዓይኑን በጨርቅ የሸፈነ ሰው ካየ «ይኼ ምስኪን ዓይኑን ታሟል» ይላል። ከኋላው ጨርቅ የሚውለበለብ ሰው ሲበር ካየ «ጋቢውን ነፋስ እየወሰደበት ነው፤ ማን ይያዝለት?» ይላል።

ሞሪያ አንደኛ ክፍል ገብታ ማንበብ ስትጀምር፣ በዕብራይስጥ «አያቴ» እያለች ተቆጣችው። «ሳባ! እንዲህ አይልም እኮ! ሌባ ነው የሚለው!»

«በዕብራይስጥ ሌባ ነው» አላት። «በአማርኛ ግን ዓይኑን የታመመ ነው።»

ባሕሩ ሲሞት ከአልጋው ሥር በጫማ ካርቶን ሃያ ስድስት መጽሔት ተገኘ። ሞሪያ የውትድርና ግዴታዋን ጨርሳ ስትመለስ ካርቶኑን ተሸክማ ረኡቬን ዘንድ ሄደች። ረኡቬን የድሮ ወረቀት የሚሸጥና የሚገምት ሽማግሌ ነው። ከእሱ ተማረች። መጀመሪያ ደረጃ የሰጠችውም ለአያቷ መጽሔቶች ነበር። የተሻለው ሁለት አገኘ።

«ለባሕሩ መጽሐፍ ሁለት ትሰጫለሽ?» አልኳት።

«ሽፋኑ ተቀዷል፣ እማማ። ሻይ ፈሶበታል። ምን ላድርግ?»

«ሻዩን ያፈሰስሽው አንቺ ነሽ!»

«እሱንም ጽፌዋለሁ» አለች፤ እውነትም ጽፋዋለች።

የአሽዶድ አየር ጨው አለው፤ ሽቦ ይበላል፣ ወረቀት ቢጫ ያደርጋል። ስለዚህ መጽሔቶቹ የሚኖሩት በማማዳችን፣ የሮኬት ሳይረን ሲጮህ በምንገባባት ባለ ወፍራም ግንብ ክፍል ውስጥ ነው። እያንዳንዱ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከጀርባው ካርቶን ተደግፎ ይቆማል። ሳይረን ሲጮህ በመካከላቸው እንቀመጣለን፤ ሞሪያም ልቤ እንዲያርፍ አንዱን አውጥታ በባሕሩ አማርኛ ታነብልኛለች።

ባለፈው ክረምት ረኡቬን የዓይኑ ብርሃን ደከመ። ደንበኞቹን ለሚያምነው ሰው አስረክቦ ማረፍ ፈለገ። ሞሪያን ጠርቶ እንዲህ አላት፦ «ዘሃቫ የምትባል ሴት ሮቫ ዩድ-አሌፍ አለች። ሟች አባቷ የልጆች ኮሚክስ ሠዓሊ ነበር። በእጁ የሣላቸው ሃያ ሦስት ገጾች አሏት፤ ልትሸጣቸው ነው። ብቻሽን ገምግሚ። ግምገማሽ ትክክል ከሆነ ደንበኞቼ የአንቺ ናቸው። ካልሆነ ወደ ጥርስሽ ተመለሺ።»

ልጄ ያን ሥራ እንዴት እንደፈለገችው እኔ አውቃለሁ። ስሟን የምትጽፍበትን የግምገማ ወረቀት አስቀድማ አዘጋጅታ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሠራች። ሃያ ሁለቱን ጨረሰች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የመጨረሻውን ገጽ ጠረጴዛው ላይ አውጥታ ሳለ ከሕክምና ቤቱ ተደወለላት፤ ሌላዋ ረዳት ታማለች፣ ቶሎ ነይ አሏት። እየሮጠች ወጣች። ከደረጃው «እማማ፣ ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱን ይዝጉልኝ!» ብላ ጮኸች።

መስኮቱን ዘጋሁ። ከዚያ ገጹን አየሁት።

እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ በማትናስ፣ በሰፈሩ የሕዝብ ማእከል፣ በአዳራሹ ጓሮ ባለች ክፍል ነው። አስተማሪያችን ስሜነሽ ሕግ ነበራት። መጀመሪያ በእርሳስ ጻፉ፤ ትክክል ሲሆን በእስክሪብቶ ድገሙት፤ ቀለሙ ሲደርቅ እርሳሱን በላጲስ አጥፉ። «ንጹሕ ደብተር የተማረ ሰው ደብተር ነው» ትለን ነበር። እርሳሱን ሳላጠፋ የሰጠሁትን ሁሉ ትመልስብኛለች።

የዘሃቫ አባት ገጽ ላይ ከቀለሙ ሥር እርሳሱ እንዳለ ነበር። በታችኛው ሥዕል አንዲት ሴት በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣለች፤ በቀሚሷ ዙሪያ ሌላ ቀሚስ፣ በእጇ ሥር ሌላ እጅ በእርሳስ ይታያል። ምስኪን ሰው፣ ሳይጨርሰው ቀረ ብዬ አሰብኩ። ሞሪያም ጊዜ የላትም።

እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። በፎጣ አደረቅሁ፤ አየር ላይም ያዝኳቸው። ከዚያ ላጲሴን አምጥቼ የሴትዮዋን እርሳስ ሁሉ አጠፋሁላት። ፍርፋሪውን በመዳፌ ጠረግሁ። አማረች።

ሞሪያ ከቀትር በኋላ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች፤ እንደዚያው ቆየች።

«እማማ፣ ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ። አጸዳሁልሽ። የላይኛውን ሥዕል ነገ እጨርሰዋለሁ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቆይታ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ቀለም በብዙ ሺህ መጽሔት ላይ ሊታተም ይችላል። እርሳሱ ግን የትም የለም። ሰውዬው ሲያስብ፣ ሲሳሳት፣ ሲመለስ እጁ የሄደበት መንገድ እሱ ነው። ስምንት ሺህ ሼቅል የገመተችው ገጽ አሁን ሦስት ሺህ ቢያወጣ ነው።

ያን ጊዜ የማልኮራበትን ነገር ተናገርኩ። «አትጻፊው፣ ልጄ። ሲመጣም እንዲህ ነበር በይ። ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም» አለች። «ዘሃቫ ሃያ ዓመት ከመሳቢያ አላወጣችውም። ረኡቬን አጥርቶ አያይም። ሰው የሚያምነው እኔ የጻፍኩትን ብቻ ነው፣ እማማ። ለዚህ ነው መጻፍ ያለብኝ።»

ጻፈችም። «በታችኛው ሥዕል ያለው እርሳስ በዚህ ቀን፣ በእኔ ቤት፣ ገጹን ክፍት ትቼ በመውጣቴ ጠፍቷል» አለች። የእኔን ስም አላስገባችም። እኔ ግን በእሑዱ አውቶቡስ አብሬያት ተሳፈርኩ፤ ደብተሬንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ዘሃቫ ቤት ረኡቬን ቀድሞን ደርሷል። ዘሃቫ ዕድሜዋ ስልሳ የተጠጋ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት። ሞሪያ ሌላ ነገር ሳትናገር የመጨረሻውን ገጽና ወረቀቷን ሰጠቻት። ዘሃቫ አነበበች። ገጹን ይዛ መስኮቱ ዘንድ ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች።

«የአባቴን እጅ ወሰዳችሁብኝ» አለች።

እኔ ተነሣሁ። በተሰባበረ ዕብራይስጤ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳትና ደብተሬን ዘረጋሁላት። የቀረውን ሞሪያ ተረጎመችልኝ፤ ስሜነሽን፣ ሕጉን፣ ላጲሱን።

ዘሃቫ ደብተሬን ተቀብላ ብዙ ገጽ ገለጠች። በጣቷ ዳበሰችው። እርሳሱ ቢጠፋም ጫናው ወረቀቱ ላይ ይሰማል። ዕብራይስጥ አንቱ አያውቅም፤ ስለዚህ አንቺ አለችኝ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ይህ የእኔ ሥራ ነበር። ቀለሙ ሲደርቅ አባቴ ይጠራኛል፤ ላጲሱን የምይዘው እኔ ነኝ። ገጾቹን ሁሉ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ግን ሳይጠራኝ ሞተ። እስካሁን እንዲጠራኝ እየጠበቅሁ ነበር መሰለኝ።»

ከዚያ በደብተሬ አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አስቀመጠች። ከ«ጸ» ሥር ትንሽ እርሳስ ቀርቶ ነበር።

«እዚህ አልጠፋም» አለችኝ። «አባቴ ቢሆን ይመልስብሽ ነበር።»

«ስሜነሽም መልሳብኛለች» አልኳት። ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ሳቀች።

ያን ገጽ ከሽያጩ አወጣችው። «ሃያ ሁለቱ በዚህች ልጅ ግምት ይሸጡ። ይህ እዚህ ይቀራል» አለች። ይቅር አልኩ አላለችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ሞሪያ የድካሟን ዋጋ አልቀበልም ብላ ተከራከረች፤ ዘሃቫ ግማሹን በግድ አስያዘቻት።

ረኡቬን ግምገማውን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ሲያነብ ቆይቷል። «ሌሎቹን ገጾች ልመረምር ነበር የመጣሁት» አለ። «አልመረምርም። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ስኖር የራሱን ጥፋት የጻፈ ገማች አላየሁም። ራሴንም ጨምሬ ነው የምልሽ።» ከኮቱ ኪስ የደንበኞቹ ስልክ የተጻፈበትን፣ ጠርዙ ያለቀ ማስታወሻ አውጥቶ ሞሪያ እጅ ላይ አስቀመጠው።

በአውቶቡሱ ስንመለስ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ሁለት» አለች። «ሽፋኑ ተቀዷል።»

«ሻይም ፈሶበታል» አልኳት፤ ተሳሳቅን።

ዛሬ ሰው ሮቫ ቫቭ ድረስ ይመጣል። እኔ መብራቱን እይዝላታለሁ፤ ገጹን በጎን ሳበራው የእርሳሱ ጫና እንደ እርሻ ትልም ይወጣል። ላጲሴ በሌላ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከአልጋችሁ ሥር፣ ከመጋዘናችሁ፣ ከሟች ወላጆቻችሁ ካርቶን አሮጌ የልጆች መጽሔት ወይም በእጅ የተሣለ ወረቀት ብታገኙ አትለጥፉት፣ በካውያ አትተኩሱት፣ አታጽዱት። እንዳለ አምጡላት። ነክታችሁት ከሆነም፣ እንደ እኔ ለፍቅር ብላችሁ ያጠፋችሁት ነገር ካለ፣ ሳትደብቁ የቱ ጋ እንደሆነ ንገሯት። ትጽፈዋለች እንጂ አትቆጣም። በሩን የምከፍትላችሁ እኔ ነኝ፤ አትፍሩ።