ያለ ምርመራ

የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ገና መከፈት በጀመሩበት ጊዜ ከአንዱ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ቦሌ ያሉ ሀብታም ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ ማነጋገር ነበር። ለመኪናና ለመጋዘን ውል ለመግባት ብዙም የሚያንገራግር አልነበረም። የሕይወት ኢንሹራንስ ሳነሳ ግን ፊት ሁሉ ይጠቁራል። አንዷ የቤት እመቤት ምን ክፉ ነገር አይተሽብን ነው ብላ ከሳሎኗ አስወጥታኛለች።

ከደንበኞቼ ሁሉ አንድ የወሎ ሰው ይቀርቡኝ ነበር። በወጣትነታቸው በደሴ አድርገው ወደ አሰብ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ኋላ የራሳቸውን መኪኖች ገዙ፣ ጉርድ ሾላ የመለዋወጫ መደብር ከፈቱ፣ ቦሌም ቪላ ሠሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው በዕድሜ የእኔ እኩያ ስለነበረች እንደ እህት ሆነን ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሳሎናቸው ተቀምጠን ፈራ ተባ እያልኩ አነሳሁት። ንብረቱ ሁሉ በእሳቸው ስም ነው፤ የት ምን እንዳለ የሚያውቁትም እሳቸው ብቻ ናቸው፤ አንድ ነገር ቢሆኑ ልጆቹ ምን ይይዛሉ አልኳቸው። ባለቤታቸው አጠገባችን ትንሹን ልጅ እያጠባች ነበር። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ልጁን አየት አድርገው ተስማሙ። የቀረው የሐኪም ምርመራ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ምን ምን ያያል ሐኪሙ?» አሉኝ።

ልብ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ደም ብዬ ዘረዘርኩ። ራሳቸውን ነቀነቁና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ቀጠሮው አልያዝ አለ። አንዴ ደሴ ሄደዋል፣ አንዴ ዕቃ ከወደብ ሊገባ ነው፣ አንዴ ረመዳን ነው። በመካከሉ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ እየሰፋ መጣ። የማይለቅ ሳልም ያዛቸው። በዚያን ጊዜ በከተማው ብዙ ሰው እንዲሁ እየከሳ ይሞት ነበር። ቤተሰቡ ሳንባ ነው፣ ጨጓራ ነው ይላል፤ የበሽታውን ስም ደፍሮ የሚጠራ የለም። እኔም በልቤ እንኳ ልጠራው ፈራሁ።

በመጨረሻ መደብሩ ድረስ አስጠሩኝ። ሠራተኞቹን በሰበብ አስወጥተው በሩን ዘጉ።

«ያለ ምርመራ የሚሆን ነገር የለም?»

«የለም ጋሼ።»

«ለልጆቹ ብዬ ነው።»

«ይገባኛል። ለልጆቹ ሌላ መንገድ አይጠፋም። ባለቤትዎ ግን መመርመር አለባት፤ ሕፃኑም አለ።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጭ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ነበር፤ እስኪቆም ድረስ አዩት። «እሱን ለእኔ ተዪው» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ጥድፊያ ያዛቸው። መኪኖቹን ተራ በተራ ሸጡ። ቪላውን በባለቤታቸው ስም አዞሩ። መደብሩን ወደ ንግድ ማኅበር ለውጠው እሷን ሥራ አስኪያጅ አደረጓት። በየቀኑ ጉርድ ሾላ እየወሰዱ የትኛው ነጋዴ እንደሚታመን፣ የትኛው እንደማይታመን ያስተምሯት ጀመር። ንብረቱን በሕይወት እያሉ እንዲያዞሩ የመከርኳቸው እኔ ነኝ፤ ፍጥነታቸው ግን ያስፈራኝ ነበር። እሷ መጀመሪያ ላይ ሰውዬው ሹመት አበዛልኝ እያለች ትስቅ ነበር።

ኋላ ሳቁ ቀረ። አንድ ጠዋት ከዚያ በፊት ረግጣው የማታውቀው ቢሮዬ ድረስ መጣች። ወንበር ብሰጣትም አልተቀመጠችም።

«ሐኪሙ ጋ ያልሄደው ለምንድን ነው?»

«የኢንሹራንሱ ሐኪም ደምም ይመረምራል» አልኳት። ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለገኝም።

«ልጁን እስከ ትናንት ድረስ አጠባሁት» አለች።

ሳይታወቅባት የምትመረመርበት ቦታ ካለ ጠየቀችኝ። የማውቀውን አንድ ክሊኒክ ነገርኳትና አብሬሽ ልሂድ አልኳት፤ ብቻዬን ይሻለኛል አለች። ምን እንደተባለች አልነገረችኝም። ልጠይቃት እያልኩ ስንት ጊዜ ከአፌ መለስኩት።

ጋሼ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ። ለቅሶው ላይ ሁሉም ጉበት ነው ሲል ሰማሁ። ከደሴ የመጡት ወንድሞቻቸው ስለ ንብረቱ ጠይቀው ሁሉም ነገር በሕግ ያለቀ መሆኑን ሲሰሙ አኩርፈው ተመለሱ። እሷም መደብሩን ያዘች፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ ነጋዴው ሁሉ የሚፈራት ሴት ሆነች።

በየዓመቱ ውል ለማደስ ጉርድ ሾላ እሄዳለሁ። የእሳቱን፣ የስርቆቱን፣ የቤት መኪናዋን አንድ በአንድ እንጨርሳለን። የሕይወት ኢንሹራንስ ነገር በእሷም በእኔም በኩል ተነስቶ አያውቅም። ከበሩ ስገባ ግን መጀመሪያ የማየው ፊቷን ነበር፤ ቀጥሎ ከባንኮኒው ኋላ የሚጫወተውን ትንሹን ልጅ። ለሁለት ዓመት ያህል ደህና ነበሩ።

በሦስተኛው ዓመት ስሄድ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ሹራብ ደርባ፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ አገኘኋት።

«ብርድ መታኝ መሰለኝ» አለችኝ።

«ሰሞኑን ብርድ አለ» አልኳት፤ ሁለታችንም ወደ ውጭ አየን።